ተቀባይ ያጣው ዘፈኔ

የእኛ አገር ሰው ሁሉን ነገር ይችላል ቢባል ውሸት አይደለም። ውርጭ ይችላል፣ ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ ያለውን መንገድ ይችላል፣ ስብሰባ እንኳ ይችላል። አንድ የማይችለው ነገር ቢኖር፣ ዘፈን ሲወጣ ሰምቶ አለመቀበል ነው። አውጪዋ ስንኟን ብላ አፏን ስትዘጋ የሰማ ሁሉ ይቀበላታል፤ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ ለሠርጉ የተጠራ ይሁን በመንገድ የሚያልፍ። አለመቀበል ነውር ነዋ! ሰላምታ ሰምቶ ዝም እንደማለት ያለ ነውር። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተካሰው ሳለ አንደኛዋ ለልጇ ሠርግ ስታወጣ፣ ሌላዋ ከአጥሩ ማዶ ሆና ስትቀበል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፊቷን አዙራ ነው እንጂ ተቀብላለች። ክሱ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ታዲያ ይህን አገር መርጦ ነው የዜማ ድርሰት ውድድር የመጣው። ማስታወቂያው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ተራ ስጠብቅ የዱቄቱን ብናኝ በእጄ ጠርጌ አነበብኩት። ዕድሜያቸው ከሠላሳ ያልበለጠ ወጣቶች የራሳቸውን ዜማ ይዘው ይመዝገቡ ይላል። ሙያተኛ ሙዚቀኞች ከባሕር ዳር መጥተው እያንዳንዱን ተወዳዳሪ ያስጠናሉ፣ መድረክ ላይም ያጅባሉ፤ የተመረጡትን ሦስት ሥራዎች ደግሞ በሙሉ መሣሪያ ተጫውተው ይቀርጻሉ። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ «የደራሲው ስም ይጠራል» የሚል አለበት። እኔ እዚህች ላይ ነው የቆምኩት። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ስሜ ጮክ ተብሎ የተጠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ብቻ ነው። እሱም ልጅ ከወለድኩ በኋላ ቀረ፤ አሁን የሚጠሩት የእሷን ነው።

አጠገቤ የተሰለፉት የሰፈራችን መሪጌታም አነበቡት። «ዜማ እንደሆነ ከሰማይ ወርዶ አልቋል» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ፤ «ምን የቀረ ነገር አለና ነው እነዚህ የሚወዳደሩ?» ድጓ ሲመሰከር በኖረበት አገር ለዚህ መልስ የሚሰጥ ደፋር ከየት ይመጣል? ባለ ወፍጮው ብቻ ከጩኸቱ መሀል ሆኖ «ሲወርድ የተንጠባጠበውን ነዋ የኔታ!» አላቸው። መሪጌታ ሳቁ። እኔም ከሳቁማ ተፈቅዷል ብዬ ያዝኩት።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ስሜ ይታይሽ ነው። ባሌ ደሴ ባጃጅ ይነዳል፤ ገና ጡት ያልጣለች አንዲት ልጅ አለችን፤ የምንኖረው ከባሌ እናት ከእትዬ ጥሩ ጋር ነው። እትዬ ጥሩን የማያውቅ የላይም የታችም ጋይንት ሰው ካለ ሠርግ ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። አውጪ ናቸው። ድምፅ ሲታደል እሳቸው ሁለት ጊዜ ሳይሰለፉ አልቀሩም፤ እኔ የዚያን ቀን ልብስ እያጠብኩ ነበር መሰለኝ ሳልደርስ አለቀ። ዜማ ሲታደል ግን ደርሻለሁ። ልብስ ሳጥብ፣ ምስር ስለቅም፣ ልጄን አዝዬ ስንጎራደድ፣ ዜማ ሳልጠራው ይመጣል። እትዬ ጥሩ ከጓዳ ሆነው «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላሉ። «እንዲያው ነው» እላለሁ። በሳምንቱ ያ «እንዲያው» የተባለው አርብ ገበያ ከተማ የሠርግ ዳስ ውስጥ በእሳቸው ድምፅ ሲወጣ፣ ሰውም «አቤት የእትዬ ጥሩ ዜማ!» ሲል እሰማለሁ። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ግን እንዲህ ያለ ነገር በምን ይከሰሳል? አጥር የለው።

አንዷን ብቻ ደብቄ ነበር። ታናሽ እህቴ ወደ ወገዳ የተዳረች ጊዜ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ተበላሽቶ፣ ኔትወርኩም ጠፍቶ፣ መድረሷን ሳንሰማ ሦስት ቀን አለፈ። እነዚያን ሦስት ቀን ያልታጠበ ልብስ ቤታችን ውስጥ አልቀረም፤ ንጹሑንም ደግሜ አጥቤዋለሁ። ዜማዋ የመጣችው ያኔ ነው።

ወንዙን ተሻግራ፣ ዳገቱን ወጥታ፣
የእናቷን ጓሮ፣ የእኛን ደጅ ትታ፣
ደረሰች ወይ?

ከዚህ በኋላ ተቀባይ «ደረሰች! ደረሰች!» ይላል። ዘፈኗ ያለ መልሱ ግማሽ ናት። ዋናው ነገር የእኔ መጠየቅ ሳይሆን አንድ ሰው ደረሰች ብሎ ልቤን ማሳረፉ ነውና።

ልመዘገብ ስሄድ ልጄን አዝዬ ነበር። የሚመዘግበው፣ ኋላም መድረክ መሪ የሆነው ጎረምሳ፣ «እኛ እኮ የምንመዘግበው ወጣት ነው» አለኝ። «ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው» አልኩት። ልጄን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ልጄን አየ። የእሷን ዕድሜ ወደ እኔ እየደመረ መሰለኝ። በእኛ አገር ያገባች ሴት በአንድ ጀምበር አሮጊት ትሆናለች፤ ያላገባ ወንድ ግን ጠጉሩ እስኪሸብት ወጣት ነው። እንደምንም ጻፈኝ።

እትዬ ጥሩ የሰሙ ቀን ጉድ ፈላ። «ያችን የእህትሽን? ደብቀሽኝ! እኔ ሌባ ነኝ?» አሉ። እኔ ምስሬን ለቀምኩ። ቆይተው ግን ራሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ድምፅሽ እንደሆን ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም። ግድ የለም፤ አንቺ ማውጣቱን ብቻ አውጪው፣ እኔ ተቀብዬ አዳራሹን አነቃንቀዋለሁ» አሉኝ። ዜማዬን ሲዋሱኝ የኖሩት ሴትዮ ድምፃቸውን ሊያውሱኝ! ከዚያ ወዲያ ፍርሃቴ ግማሹ ለቀቀኝ።

ሙዚቀኞቹ አምስት ነበሩ። ሙያተኛ ሲባል እኔ የጠበቅሁት መነጽሩን የማያወልቅ፣ ሰው ሲያናግረው ስልኩን የሚያይ ነበር። እነዚህ ግን ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው የሚገቡ ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው። መሰንቆ የሚመቱት ጋሼ አያሌው ጠጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው፤ ክራር የምትመታው ልጅ ደግሞ እኔ ሳጠና ልጄን በአንድ እጇ ታቅፋ በሌላው ክሯን ትቃኛለች። ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ጋሼ አያሌው የእኔን ድምፅ ወደ መሰንቋቸው አላመጡትም፤ መሰንቋቸውን ወደ እኔ ድምፅ አወረዱት። ጠምዘዝ፣ ሰማ፣ ጠምዘዝ፣ ሰማ። በሕይወቴ አንድ ነገር በእኔ ልክ ሲስተካከል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዜማዋን ሰምተው ሲጨርሱ «ይኸ አንቺሆዬ ነው» አሉ። እኔ ቅኝት በስም አላውቅም። «የት ተማርሽው?» ሲሉኝ «ሳፋ ላይ» አልኩ። አልሳቁም። ደሴ ሊወስደኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበርና፣ አፉ አያርፍም፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣችሁ መጥታችሁ ምን ታገኛላችሁ?» አላቸው። ጋሼ አያሌው መሰንቋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ የመጀመሪያ ዜማቸውን በልጅነታቸው ይዘው ሲቀርቡ አንድ ሽማግሌ እንዳጀቧቸው ነገሩን። «ሳይስቅብኝ!» አሉ ጣታቸውን አንሥተው። «ዜማው የሚያስቅ ነበር እኮ። ሳይስቅ እስከ መጨረሻው አጀበኝ። እሱን ነው የምመልሰው።»

«ደረሰች ወይ?» የሚለው ላይ መሣሪያው ሁሉ ዝም እንዲል ተስማማን። በእኛ ዘንድ ተቀባይ ሲነሣ መሣሪያ ያርፋል፤ ጋሼ አያሌውም የገጠር ልጅ ናቸውና ሳልነግራቸው ገባቸው። እዚያ ላይ አዳራሹ ይቀበላል፣ እትዬ ጥሩ ይመራሉ፣ እኛ እንጠብቃለን። ከዚህ የበለጠ የተጣራ ዕቅድ ማን አውጥቶ ያውቃል?

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር በእግሩ የመጣ ነበር። ዘጠኝ ተወዳዳሪዎች ነበርን፤ እኔ ሰባተኛ። የመጀመሪያው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ገና አንድ ስንኝ ሳይጨርስ ሰዉ ተቀበለው። ልጁ ያወጣው ተቀባይ የሌለው የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ሰዉ ግን ምን ቸገረው፣ ከራሱ ፈጥሮ ተቀበለው። በሁለተኛዋ ጊዜ እልልታ ተጨመረ። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ከታች ጋይንት የመጡ ትልቅ ሰው ተነሥተው ትከሻቸውን ሲነቀንቁ የማይኩን ገመድ በእግራቸው ነቀሉት፤ ድምፁም ጠፋ፣ እሳቸው ግን አላቆሙም። ዳኞቹ ጆሯቸውን በእጃቸው ከበው ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ ሐኪም ዘንድ የቀረቡ ይመስሉ ነበር አሉ።

አሉ የምለው እኔ ስላላየሁት ነው። ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍል ልጄን እያጠባሁ ነበር። እዚያ ሳለሁ ነው መድረክ መሪው ወጥቶ ሕግ ያወጣው፦ «ከአሁን በኋላ አንድ ሰው ድምፁን አሰምቶ ቢቀበል፣ ተወዳዳሪው ይሰረዛል! አንድ ሰው!» ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ዳኞቹ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሕጉ ጸደቀ። ለእኔ የነገረኝ የለም። ሙዚቀኞቹ መድረክ ላይ ስለነበሩ የሰማሁ መስሏቸዋል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የሰማሁት አዳራሹ ድንገት ጸጥ ማለቱን ብቻ ነው። ሰዉ ደከመው አልኩ።

ተጠራሁ። ልጄን ለክራር ተጫዋቿ ጓደኛ አቀብዬ ወጣሁ። ጋሼ አያሌው ጀመሩልኝ፤ ዋሽንቱ ተከተለ፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ገባ። ድምፄ አልከዳኝም። «ወንዙን ተሻግራ» አልኩ፣ «ዳገቱን ወጥታ» አልኩ፣ ጓሮውንም ደጁንም አልኩና «ደረሰች ወይ?» ብዬ አፌን ዘጋሁ። መሣሪያውም ሁሉ እንደ ስምምነታችን ዝም አለ።

የመለሰልኝ የለም።

እንግዲህ አስቡት። ያ ለተጣላው የሚቀበል፣ ከአጥር ማዶ የሚቀበል ሕዝብ! እትዬ ጥሩን ፈለግሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። አፈሩብኝ አልኩ። ደሴን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። ገበያ ላይ ጨው ሲያስተዋውቁ እንኳ የምትቀበለው የሰፈራችን ሴት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ስንት ነገር ይታሰባል መሰላችሁ? የጋይንት ሰው እንደሆነ ሳይወድ እንኳ ይቀበላል፤ እኔን ግን ጠቅላላ አገሩ መክሮ አልቀበልም አለኝ፤ ስሜ አይጠራም፤ ነገ ወፍጮ ቤት በየት በኩል እገባለሁ?

ወደ ጋሼ አያሌው ዞርኩ። የመሰንቋቸውን ደጋን አየር ላይ ሰቅለው፣ ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር ሳይነበብ፣ ሆን ብለን ያደረግነው አስመስለው ይጠብቃሉ። ነገር የተበላሸበት ሰው እንዲህ አይረጋም። በእግራቸው ጣት ብቻ ወለሉን መታ መታ አደረጉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በአራተኛው ደጋኑ ወረደ። ምን ምርጫ አለኝ? ገባሁ።

ሁለተኛውን ጊዜ «ደረሰች ወይ?» ስል ከምሬ ነበር የምጠይቀው። እህቴን ይሁን ራሴን እንጃ። አሁንም ዝም። ሦስተኛውን ስጠይቅ ድምፄ ከሦስተኛው ረድፍ አልፎ የኋላውን ግድግዳ ሲመታ ሰማሁት። በአራተኛው አንድ ሽማግሌ ሲያቃስቱ ተሰማ፤ መልሱን ዋጥ ሲያደርጉት ነው አሉ።

ዘፈኑ አለቀ። ጋሼ አያሌው ደጋናቸውን ዝቅ ከማድረጋቸው፣ ምን አለፋችሁ፣ አዳራሹ ፈነዳ! «ደረሰች! ደረሰች! ደረሰች!» አራት ጊዜ የታመቀ መልስ በአንድ ጊዜ። ከሁሉ በላይ የእትዬ ጥሩ ድምፅ። የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። መድረክ መሪው ማይኩን ነጥቆ «ተቀብላችኋል! ተሰርዛለች!» ሲል፣ ሕዝቡ በአንድ አፍ «ዘፈኑ አልቋል!» አለው። አንድ ጠበቃ የመሰሉ ሰውዬም ተነሥተው፣ የተከለከለው ሲዘፈን መቀበል እንጂ ሲያበቃ መመስከር አይደለም ብለው ተከራከሩ። ዳኞቹ ተያዩና ሕጉ እንዳልተጣሰ ወሰኑ።

ዋና ዳኛው አንገታቸው ላይ ሻርፕ የጠመጠሙ የሙዚቃ መምህር ነበሩ። ማይኩን ይዘው ስለ እኔ ዝምታ ማስረዳት ጀመሩ። ጥያቄውን ያለ መልስ አንጠልጥሎ መተው ትልቅ ድፍረት ነው አሉ። ባዶውን ቦታ የሰሚው ልብ እንዲሞላው መደረጉ ረቂቅ ነው አሉ። «ይህን እንዴት አሰብሽው?» ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፋሁ። ያንንም «ትሕትናዋ!» አሉት።

ከመድረኩ ስወርድ ጋሼ አያሌው ያዙኝ። «ክልከላውን አልሰማሽም ነበር አይደል?» አሉ። ከዓይኔ አንብበውታል። ስለ ሕጉ የሰማሁት ያኔ ነው። «ልቀበልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እኔም አንድ ሰው ነኝ፣ ትሰረዢብኝ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «ለዳኞቹ እውነቱን ልንገራቸው?» አሉ። ልቤ ይቅርብኝ አለ። አፌ ግን «ይንገሯቸው» አለ። ይህች አፌ ዓመት ሙሉ ተዘግታ ትከርምና እንዲህ ያለ ሰዓት ትመርጣለች።

ገቡ። የዳኞቹ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ባለ ሻርፑ ዳኛ ጥቂት አሰቡና «ጋሼ፣ ደራሲ የሠራውን ሁልጊዜ ያውቀዋል ማለት አይደለም» አሉ። ይኸው ነው! እኔ አላውቀውም ማለት ነው። ጋሼ አያሌው ግን «እሱስ ይሁን» አሉ፤ «እኔ የምለው ሌላ ነው። ዝምታው አይደለም ዜማውን ያሳመረው፤ ዜማው ነው ያን ዝምታ የተሸከመው። ሌላ ዘፈን ቢሆን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀር ነበር። አርባ ዓመት መሰንቆ መትቻለሁ፤ ደጋኔን ሰቅዬ ቀጣዩን ስንኝ እንዲህ የናፈቅሁበት ቀን የለም።» በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሦስቱ ሲጠሩ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። «ግጥምና ዜማ፣ ይታይሽ!» ሲባል ወዲያው አልተነሣሁም፤ ከልማዴ የልጄን ስም እየጠበቅሁ ነበር። ደሴ «አንቺ ነሽ እኮ!» ብሎ ገፋኝ። እትዬ ጥሩ አቅፈውኝ፣ ነጠላቸውን አሳዩኝ፤ ጫፉ ተበጥሷል። «አራት ጊዜ!» አሉ። «አራት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። ለልጄ ሠርግ እንዲህ አልተቸገርኩም። ከዛሬ ጀምሮ ዳስ ውስጥ የአንቺን ሳወጣ የአንቺ ነው ብዬ ነው፤ የሰማህ ስማ!»

ሊቀርጹ ባሕር ዳር ስንሄድ ጋሼ አያሌው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ተቀባይ እናስገባበት ወይስ ዝምታው እንዳለ ይቆይ? ዳኛውን አትስሚ፣ ዜማው የአንቺ ነው፣ ምረጪ አሉ። መልሱ ከሌለ ዘፈኗ ግማሽ ናት ስል የኖርኩት እኔ አይደለሁም? ግን ያንን አዳራሽ አሰብኩት። ዝም ማለት የማያውቅ ሰው ሁሉ፣ እኔ እንዳልሰረዝ ብሎ ነጠላውንና ከንፈሩን ነክሶ አራት ጊዜ ዝም አለልኝ። ከዚህ የበለጠ ተቀባይ ከየት ላመጣ? «ዝምታው ይቆይ» አልኩ።

ይኸው ዘፈኗ ወጣች። ደሴ ባጃጁ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ያሰማታል፤ ዝምታው ላይ ሲደርስ ድምፁ እንዳይረበሽ ብሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ዳገት ላይ እንኳ። ተሳፋሪው ይሳደባል፣ እሱ ሌባ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ያስጠብቃል።

ከፋሲካ በኋላ አርብ ገበያ ሠርግ ተጠርተን ሄድን። ዳሱ ሞልቷል፤ አውጪዋ አይቻት የማላውቃት ሴት ናት። ገና «ወንዙን ተሻግራ» ስትል ልቤ ዘለለ። ሰዉ ሁሉ ያውቃታል! እያጨበጨበ፣ እየተወዛወዘ ደረሰና «ደረሰች ወይ?» ስትል ከበሮው ቆመ፣ ጭብጨባው ቆመ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን አየር ላይ ሰቅሎ ጸጥ። እኔ እንግዲህ ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ፤ በዚያ ጸጥታ መሀል ብቻዬን «ደረሰች!» ብዬ ጮህኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። «እሽሽ! ምን ሆነሽ ነው አንቺ?» አለች፤ «እዚህ ላይ ዝም ነው የሚባል። እኛ እንኳ ከወገዳ መጥተን እናውቃለን! ዘፈኑን ካላወቅሽው ዝም ብለሽ ከሚያውቀው ተማሪ።»

እትዬ ጥሩ ከማዶ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በዓይኔ ለመንኳቸው። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ፣ በሚቀጥለው «ደረሰች ወይ?» ላይ ዝም አልኩ። ኩራት አይሁንብኝና፣ በዚያ ዳስ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ አሳምሬ ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ።